በማርታ ትንፋሽ ልክ

ኤልያስ ወፍጮ ቤቱን ክፍት ትቶ ሱቄ ሲገባ ፊቱ ላይ ያለውን ዱቄት እንኳ አልጠረገም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። «ትርሲት፣ ካውያውን አስቀምጪ» አለኝ። አስቀመጥኩ። «ጋሽ ቶማ አረፈ። ኦቾሎ፣ እህቱ ቤት። ቁርስ አቅርበውለት ዞር ብለው ሲመለሱ…» መጨረስ አቃተው።

ከዚያ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «በሩን ነክቶ ነው የሄደው?» አልኩ። ይሄ አሁን ይጠየቃል? ኤልያስ ግን ገባውና ዕንባውን እየጠረገ ሳቀ።

ጋሽ ቶማን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ስለሚመስል ላስረዳ። ጋሽ ቶማ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ ግድግዳ ማዶ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መኖሪያው ነው። አጠር ያለ፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ጣቱ እንደ ሙዝ የወፈረ ሰው ነው፤ በዚያ ጣቱ የጉንዳን እግር የምታክል ሽቦ እንዴት እንደሚበይድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የትም ቤት ሲገባ፣ ማንንም ከመጨበጡ በፊት፣ መዳፉን የበሩ ብረት ላይ ያሳርፋል። በሩ እንጨት ከሆነ ማጠፊያውን ፈልጎ ይነካል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሱቄን የሚመርቅልኝ መስሎኝ «አሜን» ብዬው ነበር።

«ሰው ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነው የሚዞረው» አለኝ ስጠይቀው። «አንቺን ምንም አያደርግሽም። ለአይሲ ግን ጥይት ነው። በር ላይ አራግፌው ልግባ ብዬ ነው።» አይሲ የሚላት በየማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለችውን ጥቁር፣ ባለ ብዙ እግር ነገር ነው፤ በረሮ የምትመስለዋን። ሱቄ ውስጥ ደግሞ አይሲ የሚባል ነገር አልነበረም። ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ።

ቤተ ክርስቲያንም ሲገባ ሲወጣ ያው ነው። አንድ አዲስ የመጣ ወንጌላዊ ይህን አየና የድሮ አምልኮ ቅሪት መሰለው። እሑድ ሙሉ ስብከት ሰበከበት፤ ስለ ደጃፍ፣ ስለ ጉበን፣ ስለ አጉል እምነት። ጋሽ ቶማ ከፊት ወንበር ተቀምጦ «አሜን! ሃሌ ሉያ!» እያለ አዳመጠ። ስብከቱ ሲያልቅ ተነሣ፣ የበሩን ብረት ነካ፣ ወንጌላዊውን ጥብቅ አድርጎ ጨበጠው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ያጫወተችኝ ሚስቱ ናት፤ በተረከችው ቁጥር ወንጌላዊው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ታሳየኝ ነበር።

እኔና እሱ የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሱቁን ተከራይቼ በገባሁ ሰሞን ካውያዬን ስሰካ ከግድግዳው ማዶ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ስነቅለው ደግሞ «ኧረ በጌታ!» ይላል። ቆጣሪያችን አንድ ነው ለካ። በመጨረሻ መጣ። በሩን ነካ። «እህቴ፣ ካውያህን ስትነቅል አታስደንግጣት» አለኝ። ሲናደድ አማርኛው ላይ ወንድና ሴቱ ይደባለቅበታል፤ አፉን የፈታው በጋምኛ ነው።

«ማንን ነው የማላስደነግጠው?»

«መብራቷን።»

«ጋሼ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው። መብራት ከደነገጠች ጠበል ትጠመቅ» አልኩት። እኔ እንደሆንኩ ምላሴ አያርፍም።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እኛ ጴንጤ ነን፣ ጠበል የለንም» አለኝ። «ነይ፣ የምትገድያትን እይ።» በዚያው ቀን «አንቱ» ማለቱንም ከለከለኝ፤ «አንቱ ለሽማግሌ ነው፣ እኔ ገና ነኝ» ብሎ።

የወሰደኝ ከሱቁ ኋላ ወዳለው ክፍል ነው። ጠረጴዛ ላይ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ነገር አለ። ጨርቁን ገለጠው። በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ፣ ወፍራም የኮምፒውተር የፊደል ሰሌዳ ነው፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዟል። «ይሄ ነው?» አልኩ። «የልጄ ስልክ ከዚህ ይሻላል።» ወጣት ሆኖ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ሲሠራ፣ ያስተምሩ የነበሩ ፈረንጆች አገራቸው ሲመለሱ የተዉለት ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ያ ሰሌዳ ነው፤ ሌላ ሆድ የለውም።

ክዳኑን ፈታና በጣቱ ሳይነካ አሳየኝ። «ይቺ ናት የድምፅ አይሲዋ። ሦስት ድምፅ አላት። በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ሆና ትዘምራለች።» ላይዋ ላይ ሙቀት የሚያወጣላት የአሉሚኒየም ቁራጭ ተለጥፎባታል። በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት ለእኛም በተለጠፈልን።

«ቁራጩን ከየት አመጣኸው?» ብዬ ሳልጨርስ ከጓዳ የሴት ድምፅ «ከድስቴ ክዳን!» አለ።

እትዬ ማርታ ነበረች። ያ ክዳን ከተቆረጠ ዘመን አልፎታል፤ እሷ ግን ዓሣ በቀቀለች ቁጥር ታነሳዋለች። «እኔ ክዳን አጥቼ በሳህን እከድናለሁ፣ እሷ ባርኔጣ አድርጋ ትቀመጣለች» ትላለች። እሷ የምትላት አይሲዋን ነው። እንደ ጣውንት ነበር የምታወራት።

እትዬ ማርታ በልጅነቷ ኦቾሎ ላይ የመዘምራን መሪ ነበረች። ያን ተራራ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከላይ ሆነህ ስትዘምር ድምፅህ ታች አባያ ሐይቅ ድረስ የሚወርድ ይመስልሃል። መዝሙሮቿን ራሷ ትደርሳለች፣ በጋምኛ። ከጋሽ ቶማ ጋር ተጋብተው ወደ ከተማ ሲወርዱ መዘምራኑ እዚያው ተራራው ላይ ቀሩ። እንግዲህ እሱ ያን ማሽን አነሣና ቁጥር በቁጥር እየጻፈ ለሚስቱ መዘምራን ሠራላት። እሷ እያዜመች፣ እሱ እየጻፈ። «ሁለተኛው ወፈረብኝ» ስትል ያቀጥነዋል። «ሦስተኛው ቸኮለ» ስትል ያዘገየዋል። ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ይህን በተመለከተ አንዲት ጎረቤት ከንፈሯን ብትመጥላት፣ እትዬ ማርታ «ሦስት አሉኝ፣ አንድ ልብስ ለሦስት ይበቃቸዋል» ብላ አሳቀቻት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ይዘምራሉ። እኔ ከግድግዳው ማዶ እየሰፋሁ እሰማለሁ። የማሽኑ ድምፅ መጀመሪያ ሳቄን ነበር ያመጣው፤ አፍንጫውን ይዞ የሚዘምር ሰው ይመስላል። እየዋለ እያደረ ግን ለመደብኝ። በኋላማ አንድ ቀን ካልሰማሁ ስፌቱ ይጣመምብኝ ጀመር።

አንዴ አንድ ደንበኛው ከአዲስ አበባ ተመሳሳይ የተበላሸ ማሽን አግኝቶ አመጣለት። ውስጡ ያለችው የድምፅ አይሲ ደህና ናት። ጋሽ ቶማ ደስታው ወሰን አጣ፤ የራሱ ስላረጀች አሳርፋታለሁ ብሎ አዲሲቱን ቀየረ። ለማርታ አልነገራትም። መዝሙሩን ከፈተው። እሷ ጓዳ ጎመን ትቀነጥሳለች። የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ ቢላዋውን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«ምኑ?»

«የሚዘምረው። የኛ ሰው አይደለም።»

እሱ እያፈረ የድሮዋን መልሶ ከተተ። ለእኔ ሲያስረዳኝ «አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት አይሲ፣ ግን ድምፃቸው እኩል አይወጣም። አንዷ ትወፍራለች፣ አንዷ ትቀጥናለች። ማርታ መዝሙሩን ያስተካከለችው በዚችኛዋ ልክ ነው። ሌላ አይሲ ሌላ ሰው ነው» አለኝ። እኔ ልዩነቱን ብሰማ ብሰማ ጠፋኝ። ያቺን አዲስ መጤ አይሲ ለሌላ ሰው ማሽን ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ ነው ጭንቀቱ የጀመረው። ያቺ አንዲት በረሮ ከሞተች የማርታ መዘምራን የሉም ማለት ነው። ገዳይዋ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚመጣው። «ያረጀ አዳፕተር እንደ ሰካራም ነው፣ ልክ አያውቅም» ይል ነበር። «ትንሽ ቮልት ስጥ ቢሉት ድንገት ሙሉ እንስራ ይገለብጣል።» አዳፕተሩን ጣለና በራሱ እጅ ሌላ ሠራ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ እልል ብሎ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «መብራት ስትመጣ እንግዳ ናት። በረንዳ ላይ ትንሽ ትቀመጥ፣ ላቧ ይድረቅ፣ ከዚያ ትገባለች።» እኔም ከሱ ተምሬ የስፌት መኪናዬን ሞተር አተረፍኩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ትልቁ ጠላት ግን የኤልያስ ወፍጮ ነው። የመንገዳችን መብራት ደካማ ነው፤ ወፍጮው ሲነሣና ከማዶ ያለው በያጅ ሲጀምር አምፖላችን ሻማ ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ቶማ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር አስገባ። ጥሩ። ችግሩ ወፍጮው ሲቆም ነው። ያን ጊዜ የተረፈው መብራት ሁሉ እንደ ተፈታ ወይፈን ይዘልላል፣ በዚያ ላይ የጋሽ ቶማ ትራንስፎርመር ይጨምርበታል። ኤልያስ ጋ ሄዶ ተደራደረ። ኤልያስ ወፍጮውን ሊያጠፋ ሲል የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ በዱላ ይመታል፤ ጋሽ ቶማ ቆርቆሮውን ሲሰማ መዝሙሩን ያቆማል፣ ወይፈኑ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። እንግዳ ሰው ሰፈራችን ሲመጣ ያ ቆርቆሮ ምንድነው እያለ ይጠይቅ ነበር።

በዚህም አልተማመነም። አንዲት ሣጥን ሠራ፤ የሳሙና መያዣ የምታክል። ቮልት ከልኩ ሲያልፍ «ጠቅ» ትልና ሁሉንም ትቆርጣለች። ስሟን ዘበኛ አላት። ዘበኛዋ በሆነ ባልሆነው የምትደነግጥ ነበረች። «ፈሪ ዘበኛ ነው የሚሻለው» ይላል። «ጀግናው ተኝቶ ነው የሚገኘው።»

ታዲያ በስልክ ቀድታችሁ አትሰሙትም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ቀድቶላት ነበርኮ። እትዬ ማርታ አንዴ ሰማችውና ስልኩን መለሰችለት። «ይሄ አይጠብቀኝም» አለች። መልሱ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ከታመመች በኋላ ነው።

ሕመሟ የሳንባ ነው። ሆስፒታል ተመላልሳ፣ ተኝታ ወጥታ፣ በመጨረሻ ቤቷ እንድትሆን ፈለገች። ትንፋሿ እያጠረ ሄደ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትዘምረውን መስመር ሁለት ቦታ ትቆርጠዋለች፣ ከዚያ ሦስት። ጋሽ ቶማ እየተቀመጠ መዝሙሩን ያዘገየዋል። እሷ አየር የምትስብበት ቦታ ላይ ዝምታ ይጽፍበታል። ማሽኑ ይጠብቃታል። ሰኞ የጻፈው ዝምታ ለሐሙስ ይጠብባታል፤ እንደገና ያሰፋዋል። እኔ ከግድግዳው ማዶ መዝሙሩ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሲሄድ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ስፌቴ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በኋላ መዘመሩንም ተወችው፤ መተንፈስ ብቻ ነው፣ መዝሙሩ ከትንፋሿ ጋር ይሄዳል።

ያቺ ቀን የመጣችው በዝናብ ወራት ነው። ነፋስ ሽቦ ጥሎ መብራት ብዙ ቀን ጠፍቶ ሰንብቷል። ጋሽ ቶማ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የመኪና ባትሪም አልቋል። ማርታ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ተሰብስበዋል፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ገብቻለሁ። እኩለ ቀን አልፎ መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ በቆሎውን ተሸክሞ ወደ ኤልያስ ሮጠ፤ ወፍጮው ተነሣ፣ በያጁ ጀመረ።

ማርታ ዓይኗን ገለጠች። «ቶማ፣ የመጨረሻውን» አለች። የመጨረሻ የደረሰችውን መዝሙር ማለቷ ነው። «እስከ መጨረሻው ልስማው።»

እሱ በረንዳ ላይ እንደሚያስቀምጠው እንግዳ መብራቱን ጠበቀ። ከፈተው። ሁለት መስመር ዘመረና፣ ጠቅ። ዘበኛዋ ቆረጠችው። መብራቱ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሲመጣ እየዘለለ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጠቅ። እንደገና። መዝሙሩ በማርታ ትንፋሽ ልክ ተጎትቷል፤ ያን ያህል ሰዓት መብራት ሳይወላገድ መቆየት ነበረበት። አሁንም ጠቅ።

ማርታ አልተቆጣችም። «ጨርሰው እንጂ ቶማ» አለች፤ እንደ መለመን እያለች።

እኔ ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ያችን በረሮ ከመብራት፣ ከሙቀት፣ ከራሱ እጅ ሳይቀር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዘበኛዋን አየ። ማርታን አየ። «እሺ፣ ሎኦ» አለ፤ በጋምኛ ደህና ማለት ነው። ጎንበስ አለና የዘበኛዋን ሽቦ ነቀለ፣ ማሽኑን በቀጥታ ሰካው። የበሩን ብረት አልነካም። እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ዘመረ። የመጀመሪያው አንቀጽ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። መብራቱ ዝቅ ከፍ ይላል፣ ድምፁ ግን አልተቆረጠም። ማርታ ዓይኗን ጨፍና ከሱ ጋር ትተነፍሳለች። ሴቶቹ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ነፍሷን ይማር እንዳልል በሕይወት አለች፣ በቅን ልብ ወጣ ብላ ለኤልያስ «ማርታ መዝሙሯን እየሰማች ነው» አለችው።

ኤልያስ ማርታን እንደ እናቱ ነው የሚያያት። ወፍጮው እየጮኸባት እንዴት ትሰማለች አለ። ለበያጁ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ወረፋ የያዙትን ዝም አሰኘ። ቆርቆሮውንማ እንዴት ይምታ? መዝሙር ላይ ቆርቆሮ ይመታል? ወፍጮውም፣ ብየዳውም፣ ከማዶ ያለው ጁስ ቤትም ባንድ ላይ ቀጥ አሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ መንገዱ ጸጥ ሲል ሰማሁና «እንዴት ያለ ጨዋ ሰፈር ነው!» ብዬ ልቤ ሞቀ።

አምፖሉ ነጭ ሆነ። ሦስቱ ድምፆች ባንድ ላይ ሲጥጥ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ምንም የለም። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። የቀረው አንድ አንቀጽ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው የሲቀላን መብራት አያውቅም።

ማርታ በዚያው ሳምንት አረፈች። ኤልያስ ያደረገው ነገር የገባው ማግሥቱን ነው፤ በያጁ አስረድቶት። ምስኪን፣ ወፍጮውን ዘግቶ ሰው አላይም አለ። ሴትዮዋ በሞት አፋፍ ላይ ሆና የለመነችውን አንድ ነገር እኔ ነጠቅኳት እያለ ራሱን በላ። ከቀብር በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ጋሽ ቶማ በር ላይ ተንበረከኩ። ኤልያስ ከኋላቸው ግንባሩን መሬት አስነክቷል።

ጋሽ ቶማ ደነገጠ። ሮጦ ሽማግሌዎቹን በክንዳቸው እየያዘ አነሣ። ኤልያስን ለብቻው አቀፈው። «አንተ ወፍጮህን ያቆምከው ማርታን አክብረህ ነው። ለዚህ ነው ይቅርታ የምትለኝ? ዳግመኛ እንዳልሰማህ» አለው። ኤልያስ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ዓለምን ዞሬ ሌላ አይሲ አመጣለሁ ሲል ጋሽ ቶማ ራሱን ነቀነቀ። «አያስፈልግም። ጨርሳ ነው የሄደችው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሰውዬው ኀዘን አዙሮበት ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ። መዝሙሩ ተቋርጦ መቅረቱን ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ኤልያስም ለምን እንደዚያ እንዳለው ሳይገባው ብዙ ጊዜ ቆየ። በኋላ እኔ ነገርኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሴቶች ነን የምናውቀው፤ ዛሬ ደግሞ ጋሽ ቶማ ራሱ ስለሌለ ልናገረው።

ድምፁ ሲቋረጥ ጋሽ ቶማ ማሽኑን ዞሮ አላየውም። አንዴም አላየውም። ፊቱን ወደ አልጋው ነው ያዞረው። ማርታ ዓይኗን ገልጣ የቀረውን ትጠብቃለች። ሴቶቹ የመጨረሻውን አንቀጽ አያውቁትም፤ አዲስ ነው፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ጋሽ ቶማ ሲዘምር የሰማ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሚስቱ እንኳ፣ ያን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ፣ ሰምታው አታውቅም። ያን ቀን አፉን ከፈተና ዘመረ። ኧረ ጉድ! እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዜማው ወደ ግራ ሲሄድ እሱ ወደ ቀኝ ነው፤ ከፍ ማለት ሲገባው ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲል ያጉረመርማል። ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው። በኋላ አንዷ እንደተረጎመችልኝ፣ ከኦቾሎ ተራራ ላይ ሆኜ ሐይቁን ሳየው ሩቅ ነበር፣ ወርጄ ሳየው ግን ውኃው እግሬ ሥር ነው ይላል።

የማርታ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ተጠጋሁ። እየሳቀች ነው! ትንፋሽ አጥሯት፣ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ ትስቃለች።

«ቶማ» አለችው። አየር ሳበች። «ማሽኑን ለምን… ስትጠብቅ እንደኖርክ… አሁን ገባኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የሚያለቅሱትም ሳቁ፤ እኔ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረግኩ። ጋሽ ቶማ ራሱ እስኪያነባ ሳቀና፣ አፍሮ ሊተወው አፉን ገጠመ። ማርታ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

«ጨርሰው» አለች።

ቀጠለ። እሷ አየር ለመሳብ ስትቆም እሱም ይቆማል፤ ዓይኑን ከደረቷ ላይ ሳይነቅል ይጠብቃታል፤ ስትተነፍስ ይቀጥላል። እንደዚያ እያለ፣ ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው ዘመረላት።